ረዳት አሰልጣኛችን ለቀቀ፤ ከሁለተኛው ዙር በፊት ማን ይተካው?

ሚስማር ተራ፦

ሰላም የክለባችን ቤተሰቦች። ዜናውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ረዳት አሰልጣኛችን በስምምነት ተለያይቷል። የመጀመሪያው ዙር አልቆ እረፍት ላይ ስለሆንን ጊዜው ያን ያህል አይከፋም። ቦርዱ ግን እስካሁን ስለ ምትክ ትንፍሽ አላለም።

ከስታዲየም እስከ ለገሃር ባሉት ካፌዎች የሚወራው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከ20 ዓመት በታች ቡድናችንን የያዘው አሰልጣኝ ወደ ላይ ያድጋል ይላል። ሁለተኛው ማልያችንን ለብሶ የተጫወተ አንድ የቀድሞ ተከላካይ ይመጣል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ ላይ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የሠራ ሰው በረዳትነት ሊፈርም ነው የሚል። ስም አልጠራም፤ ያልተረጋገጠ ወሬ የሰው እንጀራ ያበላሻል። እናንተም አትጥሩ።

የሄደው ሰው የቆመ ኳስ (የማዕዘን ምት፣ ቅጣት ምት) የሚያሠራውና የተከላካይ መስመሩን የሚያለማምደው ነበር። ከሦስቱ የትኛው ነው ይህን ክፍተት የሚሞላው? የአሰልጣኝነት ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ጉዳይስ ያስቸግረናል? ሁለተኛው ዙር ድሬዳዋ ላይ ስለሚጀመር አዲሱ ሰው ሳይለማመድ እሳት ውስጥ እንዳይገባ ሰግቻለሁ።

ካታንጋ፦

ሚስማር ተራ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ አነሳኸው። ወሬው ሁሉ “ማን ይመጣል” ላይ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ከሰውየው ጋር ምን ሥራ አብሮ እንደወጣ ነው። አንዱ ረዳት የሳምንቱን ልምምድ ያቅዳል፣ አንዱ ተጋጣሚን በቪዲዮ ያጠናል፣ አንዱ ተጠባባቂዎቹን ዝግጁ አድርጎ ያቆያል። የእኛው ሰው የቆመ ኳስ ነበር። ስለዚህ ጥሩ የልምምድ አዘጋጅ ብናመጣም ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል።

ቡድናችን የማዕዘን ምት ሲከላከል ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ አምስት ሰው በትንሹ ሳጥን መስመር ላይ ዞን ይይዛል፣ ሰው ሳይሆን ቦታ ይጠብቃል ማለት ነው። ሦስቱ የተጋጣሚን ጥሩ ገጪዎች ሰው በሰው ይይዛሉ። አንዱ ቅርቡ ቋሚ ጋ ይቆማል፤ የቀረው አንዱ ለሁለተኛ ኳስ ከትልቁ ሳጥን ጫፍ ይጠብቃል። ይህ አሰላለፍ የሚፈርሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይደለም፣ ቅያሪ ሲደረግ ነው። 70ኛው ደቂቃ ላይ ረጅሙ አማካይ ወጥቶ አጭር የመስመር አጥቂ ይገባል። አማካዩ ይይዘው የነበረውን ተከላካይ ማን ተረከበ? ማንም። ቀጣዩ የማዕዘን ምት ያ ተከላካይ ብቻውን ዘሎ ሲገጭ እናያለን፣ ከዚያ በረኛውን እንሳደባለን።

ይህን የሚከለክለው አንድ ኤ4 ወረቀት ነው፤ ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ይሸፈናል። በግራ በኩል የተጫዋቹ ቁጥር ይጻፋል። ቀጥሎ ስናጠቃ የሚቆምበት፣ ቀጥሎ ስንከላከል የሚቆምበት ቦታ ይመጣል። በመጨረሻው ረድፍ እሱ ከወጣ ቦታውን የሚረከበው ሰው ቁጥር አለ። ተቀያሪው አራተኛው ዳኛ አጠገብ ቆሞ ቁጥሩ እስኪወጣ ሲጠብቅ ረዳቱ ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ በጣቱ ያሳየዋል፦ “አንተ 5 ቁጥራቸውን ትይዛለህ፣ ስናጠቃ ሩቁ ቋሚ።” ከዚያ በላይ አይነገረውም፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ቢነገረው አይገባውም። ሜዳ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ለአምበሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ምክንያቱም ሌሎቹም ማን ማንን እንደያዘ ማወቅ አለባቸው።

ስለዚህ ለሦስቱም እጩዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ይህን ወረቀት ከዜሮ ተነስቶ መሥራት የሚችለው ማነው? የከፍተኛ ሊጉ ሰው ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ስለሠራ የቅያሪውን ጣጣ ያውቀዋል። የቀድሞው ተከላካይ መከላከሉን ያውቃል፤ ማወቅና ማስተማር ግን የተለያዩ ናቸው፣ ይህን ልምምድ ላይ ሳያዩት መፍረድ አይቻልም።

አርሰናልን ተመልከቱ። ኒኮላስ ዦቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ከማንቸስተር ሲቲ ሲመጣ ሥራው ተለይቶ የታወቀ ነበር፣ የቆመ ኳስ። በ2025 ክረምት ካርሎስ ኩዌስታ ፓርማን ሊይዝ ሄዶ ጋብሪኤል ሄይንዜ ሲተካ የቆመ ኳሱ ሥራ አልተናጋም፣ ባለቤት ነበረዋ። እኛ ጋ ግን ሥራውም ሰውየውም አንድ ላይ ነው የሄዱት።

ከማን አንሼ፦

ካታንጋ፣ ስለ ወረቀቱ ያልከው ልክ ነው። ግን ረዳቱን ከሚገባው በላይ እያገዘፍነው ይመስለኛል። ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር ጋር፣ በ2011 ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር፣ በ2017 ከኢትዮጵያ መድን ጋር ዋንጫ አንስቷል። ሦስት የተለያየ ክለብ፣ አንድ ዋና አሰልጣኝ። ሊጉን የሚወስነው እሱ ቦታ ላይ ያለው ሰው ነው። ዋናው አሰልጣኛችን የሚግባባውን ሰው ራሱ ይምረጥ፣ እኛም ቦርዱም እጃችንን እናውጣ።

የኔ ስጋት ሌላ ነው፣ ድሬዳዋ። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ገደማ። ብዙ ሰው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያወራው። ኳሱም ይለወጣል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ይርቃል፣ ብዙም አይጎብጥም። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ያው ምት ቶሎ ይደክማል፣ የበለጠ ይጎብጣል። እዚህ ሩቁ ቋሚ ጋ ይደርስ የነበረ የማዕዘን ምት እዚያ መሃል ላይ ይወድቅና የበረኛው ይሆናል። በረኛም በተቃራኒው ይቸገራል፤ ኳሱን ከሚወርድበት አልፎ ይጠብቀዋል። አዲሱ ረዳት ማንም ይሁን፣ ሜዳው እንደተፈቀደ ሁለቱን መቺዎች ይዞ ሃያ ሃያ ኳስ ከሁለቱም ማዕዘን ያስመታቸው። ይህን ለጨዋታው ዋዜማ ማስቀረት ስህተት ነው፤ እግር ልኩን የሚያገኘው በአንድ ቀን አይደለም።

ጥላ ፎቅ፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም የተናገራችሁት ይጠቅማል። የላይሰንሱን ነገር እኔ ልመልስ።

የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የላይሰንስ መሰላል ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ፕሮ ነው። በካፍ የክለቦች ውድድር በዋና አሰልጣኝነት ለመቀመጥ ቢያንስ ኤ ይጠየቃል። ለረዳት የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ሦስቱም እጩዎች በዚህ በኩል ሊያልፉ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ የአገልግሎት ጊዜ አለ፤ ቀኑ ያለፈበት ላይሰንስ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛ፣ ኮርሱን ተከታትሎ ሰርተፍኬት መያዝ ብቻውን ላይሰንስ ማለት አይደለም። ክለቦች የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ምዝገባው ሲመለስባቸው ነው የሚነቁት።

ከማን አንሼ፣ ረዳቱ ይህን ያህል አይደለም ላልከው፣ ጊዮርጊስን አስታውስ። በ2014 ሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች ሲለያይ ቡድኑን የተረከበው ምክትሉ ዘሪሁን ሸንገታ ነው። ዋንጫውን በዚያው ዓመት አነሳ፣ በ2015 ደገመው። ምክትል ሲመረጥ ነገ ዋና ሊሆን የሚችል ሰው እየተመረጠ መሆኑን ቦርድ አይርሳ። ዋናው አሰልጣኝ በውጤት ቢነሳ በማግስቱ ልምምድ የሚመራው ማነው? ቢ ላይሰንስ ብቻ ያለውን ሰው ካስቀመጥን፣ ኤ የሌለው ጊዜያዊ አሰልጣኝ ይዘን አፍሪካ መድረክ ላይ ልንያዝ እንችላለን።

ከዚያ ባነሰ ምክንያትም ረዳት ቡድን ይመራል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳኛ ለአሰልጣኞችም ቢጫና ቀይ ካርድ ያሳያል። ከተጠባባቂ ወንበር አካባቢ ሰው ጮሆ ዳኛው ጥፋተኛውን መለየት ካልቻለ ካርዱን የሚወስደው እዚያ ያለው ከፍተኛው አሰልጣኝ ነው። የበረኞች አሰልጣኝ በተሳደበው ዋናው አሰልጣኝ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው! ያኔ የቀሩትን ቅያሪዎች የሚወስነው ረዳቱ ነው። አምስት ቅያሪ አለ፣ ጨዋታ የሚቆመው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ የእረፍቱ ሳይቆጠር። ሁለቱን ዕድል ለአንድ አንድ ሰው ያባከነ ቡድን መጨረሻ ላይ አንድ ተጫዋች ቢጎዳበትና ሦስተኛውም ካለቀ በ10 ሰው ይጨርሳል። ይህን ስሌት በጭንቅላቱ የማይይዝ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥ።

ሌላው የመመሪያ አሰጣጥ ነው። ከአሰልጣኞች መስመር ተነስቶ ታክቲክ መናገር የሚፈቀደው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የከፍተኛ ሊጉ ሰው ዋና ሆኖ ቆሞ መምራት ለምዷል። ረዳት ሆኖ ሲመጣ ዋናው እየተናገረ እሱም ተነስቶ የሚጮህ ከሆነ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል፣ አራተኛው ዳኛም ያስቀምጠዋል። ከመፈረሙ በፊት ማን መቼ እንደሚነሳ ይነጋገሩ፤ ለምሳሌ ለቆመ ኳስ ረዳቱ፣ ለቀረው ዋናው።

ሚስማር ተራ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የላይሰንሱ ነገር አሁን ገባኝ። ካታንጋ፣ ከማን አንሼ፣ እናንተም ኑሩልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የ20 ዓመት በታቹ አሰልጣኝ ካደገ ታዳጊዎቹን ማን ይይዛቸዋል? ባለፉት ዓመታት ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ በዚያ ቡድን በኩል ነው ያለፉት። እሱን ወደ ላይ አውጥተን አንድ ቀዳዳ ስንደፍን ሌላ እንዳንከፍት። ሌላው ደግሞ ውሉ ነው፣ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር አብሮ ቢያልቅ ነው የሚሻለው ወይስ ለብቻው?

ካታንጋ፦

ስለ ታዳጊዎቹ ያነሳኸው ትክክል ነው። መሃል መንገድ አለ፦ አሰልጣኙ ታዳጊዎቹን እንደያዘ ይቆይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ግን ከዋናው ቡድን ጋር ይሥራ። የትኞቹ ቀናት የሚለው ወሳኝ ነው። ጨዋታ እሑድ ከሆነ ሐሙስ በሰፊው ሜዳ የተከላካይ መስመሩን እንቅስቃሴ፣ ቅዳሜ የቆመ ኳሱን። ቅዳሜ ልምምዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አይለፍ። ተከላካዮች ለጨዋታ ዋዜማ ብዙ ሲዘሉ እግራቸው ይደክማል፣ አንዱም በክርን ሊመታ ይችላል። ዝላዩን ቀነስ አድርጎ ቦታ መያዙን ብቻ በእርምጃ መደጋገም ይበቃል።

ግን ይህ የሚሠራው አዲስ አበባ እስካለን ድረስ ነው። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ስለሚካሄድ ቡድኑ ለሳምንታት ከቤቱ ይርቃል። ድሬዳዋ አብሮ ከሄደ ታዳጊዎቹ ያለ ሰው ይቀራሉ፤ ካልሄደ ደግሞ ወረቀቱን የሚዘረጋ አይኖርም። ስለዚህ እኔ አሁን ወደ ከፍተኛ ሊጉ ሰው አዘነብላለሁ፣ የልምምዱን ፕሮግራም ዋናው አሰልጣኝ ይዞ፣ እሱ የቆመ ኳሱን ብቻ ከነሙሉ ኃላፊነቱ ተረክቦ።

ከማን አንሼ፦

እኔም ዋናው አሰልጣኝ ከተስማማበት አልቃወምም። ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዳኛ የማቀዝቀዣ እረፍት ከፈቀደ ከ90 ሰከንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ተጫዋቹ ይጠጣ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ያድርግ፣ ማንም አይናገረው። የቀረው ጊዜ ለሁለት መልእክት ይበቃል፣ አንዱ ከዋናው፣ አንዱ ስለ ቆመ ኳስ ከረዳቱ። ውኃ የያዘው ሰውም አስቀድሞ መስመሩ ላይ ይቁም፤ ጠርሙስ ሲፈለግ ግማሹ ጊዜ ያልቃል።

ጥላ ፎቅ፦

የውሉን ጉዳይ ልመልስልህ ሚስማር ተራ። ከዋናው ጋር አብሮ የሚያልቅ ውል ለዋናው ይመቸዋል፤ ክለቡ ግን ዋናውን ባነሳ ቀን ሁለቱንም አጥቶ ሜዳ ላይ ሰው አይኖረውም። ለብቻው የሆነ ውል ክለቡን ከዚህ ያድነዋል። እኔ ለብቻው ሆኖ የሥራ ድርሻው በጽሑፍ የተዘረዘረበትን እመርጣለሁ፦ የቆመ ኳስ በማጥቃትም በመከላከልም፣ የቅያሪ ወረቀት፣ ዋናው በሌለበት ቡድን መምራት። ሌላ አንድ አንቀጽም ይግባ፦ ያዘጋጀው ወረቀትና ቪዲዮ ሁሉ የክለቡ ንብረት ሆኖ ሲለቅ ያስረክባል። አሁን የሄደው ረዳት ወረቀትና ቪዲዮ ጽሕፈት ቤት ገብቶ እንደሆነ የደጋፊ ማኅበሩ ተወካዮች ሰኞ ይጠይቁ፤ ካልገባ ሰውየው ቅን ነው፣ ስልክ ተደውሎለት ቡድኑ ድሬዳዋ ከመውረዱ በፊት እንዲሰጥ ይደረግ።