የቡድናችንን ማሊያ ለብሶ የሚሳደበውን ልጅ ምን ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ፤ ምክር ፈልጌ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰፈር እግር ኳስ ቡድን አምበል ነኝ። ማሊያውን የገዛልን የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፤ የሱቁ ስም ደረታችን ላይ ተጽፏል።

ችግሩ አጥቂያችን ነው። ኳስ ይችላል፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። አፉ ግን አያርፍም። ባለፈው የመስመር ዳኛውን በእናቱ ሰደበው፤ ትልልቅ ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጠው እያዩ! በሕጉ ስድብ ቀጥታ ቀይ ካርድ ነው፤ የሰፈር ዳኛ ግን ጠብ ፈርቶ ያልፈዋል። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ማሊያውን ሳያወልቅ ጫት ቤት ይገባል። ፎቶውንም ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል።

ለብቻው ጠርቼ አናገርኩት። "አምበል ነህ እንጂ አባቴ አይደለህም" አለኝ። ከሜዳ ውጭ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው፣ እሺ። ማሊያውን ለብሶ ግን አይሆንም።

ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ "ጎል እስካገባ ተወው" ይላል፤ ግማሹ ይባረር ባይ ነው። ባለሱቁም "ለሚቀጥለው ክረምት እንጃ" ማለት ጀምሯል። አሰልጣኝ የለንም፣ ሁሉም ነገር እኔ ላይ ነው። በዚያ ላይ እናቱና እናቴ አንድ ዕድር ናቸው፤ ባባርረው ነገሩ ቤት ድረስ ይመጣል።

አንድ ጓደኛዬ ደንብ ጽፈን ሁላችንም እንፈርም ብሎኛል፤ የተሳደበ ቀጣዩን ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እሱን ለማጥቃት የወጣ እንዳይመስል እንዴት ላቅርበው? ወይስ መጀመሪያ በሚያከብረው ሰው ላስመክረው? የገጠማችሁ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ ቅዳሜ ጨዋታ አለን።