በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካውያት ወደ ቤት ተመለሱ ወይስ ወደ ሥራ ወጡ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው አሜሪካ ለተማሪዎቼ የማቀርበውን ትምህርት በማዘጋጀት ላይ ሳለሁ፣ አልታረቅ ያሉኝ ሁለት ነገሮች ገጥመውኛል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአንድ በኩል፣ የ1920ዎቹ የብልጽግና ዘመን ሴቶችን የመምረጥ መብት፣ የቢሮ ሥራና የራሳቸው ገቢ ባለቤት እንዳደረጋቸው፣ በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ግን ያለችው ጥቂት ሥራ ለወንዶች እንድትተርፍ ወደ ጓዳ እንደተመለሱ የሚተርኩ ጽሑፎችን በብዛት አነባለሁ። በሌላ በኩል የሕዝብ ቆጠራው፣ በ1930 ከሠራተኛው ኃይል 22 በመቶ ገደማ የነበረው የሴቶች ድርሻ በ1940 ወደ 25 በመቶ ከፍ ማለቱን ያሳያል። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ ባጣባት አገር ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ተማሪዎቼ መጠየቃቸው ስለማይቀር ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ዘመነ

ውድ መምህር፣ የመጀመሪያው ትረካ አገሩ ከሴቶች የጠበቀውን ሲናገር፣ ሁለተኛው ደግሞ ሴቶቹ ኑሮ ግድ ብሏቸው ያደረጉትን ይናገራል።

የድቀቱ ዱላ ቀድሞና ከብዶ ያረፈው በብረታ ብረት፣ በመኪና ፋብሪካ፣ በማዕድንና በግንባታ ላይ ሲሆን፣ እነዚህ ሴቶች እምብዛም የማይቀጠሩባቸው ዘርፎች ነበሩ። በ1920ዎቹ ለሴቶች የተከፈቱት ሥራዎች የጽሕፈት መኪና፣ የስልክ ማዞሪያና የመደብር ሽያጭ ሲሆኑ፣ ማስተማርና ነርስነት ደግሞ ከዚያ በፊትም በእጃቸው ነበሩ። ከፒትስበርግ የብረት ፋብሪካ የተቀነሰ ሰው ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዶ ታይፒስት ልሁን አይልም፤ ቢልም የሚቀጥረው የለም። በደጉ ዘመን የሴቶችን ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ያቆየው ይኸው የሥራ ክፍፍል፣ በክፉው ዘመን ከወንዶች ፉክክር ጋረዳቸው። ለዚህም ቢሆን ዋጋ ከፍለውበታል። ከ1933 ጀምሮ የሩዝቬልት መንግሥት ኢንዱስትሪውን ለማነቃቃት ካጸደቃቸው ደንቦች ሩብ ያህሉ ለሴት ከወንድ ያነሰ ዝቅተኛ ደመወዝ በግልጽ ይፈቅዱ ነበር።

አሃዙን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የ1930ው ቆጠራ ሰውን የመዘገበው በተለመደ ሙያው ሲሆን፣ የ1940ው ግን በቆጠራው ሳምንት የሠራውን ወይም ሥራ ሲፈልግ የነበረውን ነው። ስለዚህ ድርሻቸው ጨመረ ማለት ሁሉም ደመወዝ አገኙ ማለት አይደለም።

በሰንጠረዡ ያልገባው ደግሞ የቤት ውስጡ ሥራ ነው። በ1920ዎቹ በዱቤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዛችው የከተማ እመቤት ዳቦና የተዘጋጀ ልብስ ከሱቅ መሸመት ለምዳ ነበር፤ ገንዘቡ ሲጠፋ መጋገሩም፣ አትክልት በጠርሙስ ማሸጉም፣ መስፋቱም ወደ እርሷ ተመለሰ። የዱቄትና የመኖ አምራቾች ሴቶች ከረጢቱን ለልብስ እንደሚፈልጉት ሲያውቁ አበባ የታተመበት የጥጥ ከረጢት ማቅረብ ጀመሩ። ባለቤቲቱ የከረጢቱን ስፌት በጥንቃቄ ፈትታ ክሩን ለሌላ ጊዜ ታስቀምጣለች፣ የድርጅቱን ስም ዘፍዝፋና አሽታ ታስለቅቃለች፣ ለአንድ ቀሚስ አበባቸው የሚገጥም ሁለት ሦስት ከረጢት ስለሚያስፈልጋትም ባሏን መኖ ሲገዛ መርጦ እንዲያመጣ ታዘዋለች።

መልስ፦ ሐረገ ወይን

አቶ ዘመነ ያሉት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ያ ግርዶሽ ይበልጥ የጠቀመው ያላገቡትን መሆኑ መነሳት አለበት። ባለትዳሮቹን የገጠማቸው ሌላ ነበር።

በ1932 ኮንግረስ ያጸደቀው የቁጠባ ሕግ አንቀጽ 213፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቅነሳ ሲደረግ የትዳር ጓደኛቸውም በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች ቀድመው እንዲሰናበቱ ያዝዝ ነበር። ሴት የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም፤ ሆኖም ከባልና ሚስት አንዱ መልቀቅ ካለበት የሚለቀው ደመወዙ ያነሰው በመሆኑ፣ የተሰናበቱት አብዛኞቹ ሚስቶች ሆኑ። ሕጉ እስከ 1937 ጸንቶ ቆየ። ብዙ የትምህርት ቦርዶችም ያገባች መምህርት አይቀጥሩም፣ በሥራ ላይ ሳለች ብታገባም ያሰናብቷት ነበርና፣ ጋብቻቸውን ደብቀው የኖሩ መምህራን ነበሩ። በ1936 ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ባሏ ሥራ ያለው ሚስት መሥራት የለባትም ያሉት 82 በመቶ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የፍራንሲስ ፐርኪንስ ነገር ነው። ፐርኪንስ በ1933 የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነው በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ የካቢኔ ሴት ለመሆን በቁ፤ ከዚያ በፊት ግን በኒውዮርክ ባለሥልጣን ሳሉ፣ ሳይቸግራቸው ለኪስ ገንዘብ ብለው የሚሠሩ ሴቶችን በአደባባይ ነቅፈዋል። እርሳቸው ራሳቸው ታማሚ ባላቸውንና ልጃቸውን በደመወዛቸው የሚያስተዳድሩ ባለትዳር ነበሩ! እኔ ይህን እንደ ግብዝነት አላየውም፤ በዚያ ዘመን ለሴት ሥራ የሚቀርበው ብቸኛ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ችግር ስለነበረ፣ እርሳቸውም የተሟገቱት በዚያው ሚዛን ነው። ባለትዳር ሠራተኞች ግን በዚሁ አሥር ዓመት ጨመሩ፤ ባሏ ሥራ የፈታ ሴት ጋሉፕን አታስፈቅድም።

የኤልሲ ፓሪሽንም ክስ ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው መልካም ነው። በዋሽንግተን ግዛት በዌናቺ ከተማ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሴት ነበረች። ሕጉ ለ48 ሰዓት ሳምንት የሚያዝዘው 14.50 ዶላር ስላልተከፈላት ልዩነቱን፣ 216.19 ዶላር፣ ጠይቃ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ለሴቶች የወጣ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግን ሽሮ ሳለ፣ በ1937 በእርሷ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አቋሙን ቀይሮ ፈረደላት።

መልስ፦ እኅተ ማርያም፣ ከሜሪላንድ

እስካሁን የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ነጭ ሴቶች ነው። ለጥቁር አሜሪካውያት የ1920ዎቹ የቢሮ በር አልተከፈተም፤ ያገቡትም ከድቀቱ በፊት ጀምሮ ከነጮቹ በእጅጉ በሚበልጥ መጠን ለደመወዝ ይሠሩ ስለነበር፣ ወደ ቤት ተመለሱ ወይስ ወጡ የሚለው ጥያቄ ራሱ እነርሱን አይመለከትም። ሥራቸው የሰው ቤትና የሰው እርሻ ነበር፤ ቀጣሪዋ እመቤት ስትቸገር መጀመሪያ የምታሰናብተውም ሠራተኛዋን ነው።

በ1935 ኤላ ቤከርና ማርቬል ኩክ በኒውዮርክ ብሮንክስ ያዩትን ጽፈዋል። ሥራ የፈቱ ጥቁር ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን ይዘው በሲምፕሰን ጎዳና ጥግ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ይቆማሉ፤ የቤት እመቤቶች መጥተው ዋጋ ይከራከሩና መርጠው ይወስዳሉ፤ ተንበርክኮ ወለል መፈግፈግ በሰዓት ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣው የጡረታ ሕግ የቤትና የእርሻ ሠራተኞችን አላካተተም፤ የ1938ቱ የዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ሕግም እንዲሁ ትቷቸዋል። የቤት ሠራተኞች በዚህ በሁለተኛው ሕግ የተካተቱት በ1974 ሲሆን፣ ያን ጊዜም አረጋውያንን በቤታቸው የሚንከባከቡት እንደ አጫዋች ተቆጥረው ቀሩ። በኤጀንሲ የሚቀጠሩትን የሚያካትት ደንብ የወጣው በ2013 ነው። እዚህ በሆም ኬር የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን፤ ትርፍ ሰዓት ለምን እንደማይከፈለን ስንጠይቅ ሕጉ እንዲህ ነው ሲሉን ከቆዩት ነገር ጀርባ ይህ ታሪክ አለ።

የታሪክ መምህር

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትምህርቱን ከአክሲዮን ገበያው ይልቅ ከአንቀጽ 213 እጀምረዋለሁ፤ የብሮንክሱንም እጨምራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፦ ሴቶችን ከቤት ያወጣቸው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው የሚባለውስ?

ዘመነ

አጋኖታል እንጂ አልጀመረውም። ጦርነቱ ያመጣው አዲስ ነገር እስከዚያ የወንድ ተብለው የተዘጉትን ሥራዎች መክፈቱ ነው። በፖርትላንድ የካይዘር የመርከብ ማምረቻ ለብረት በያጅ እናቶች በቀንም በሌሊትም ክፍት የሆነ የሕፃናት መዋያ አቋቁሞ፣ እናቲቱ ልጇን ስትወስድ የበሰለ ራት አብራ ገዝታ እንድትሄድ ያደርግ ነበር። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ መዋያው ተዘጋ፤ በያጆቹም ተሰናበቱ። ይሁንና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሠራተኛውን ቁጥር ከፍ ያደረጉት፣ ልጆቻቸው ካደጉላቸው በኋላ ወደ ቢሮና ወደ ሱቅ፣ ማለትም ወደ 1920ዎቹ የሥራ ዓይነቶች፣ የገቡ ባለትዳሮች ናቸው። የ1950ውን የቆጠራ ሰንጠረዥ በጋብቻ ሁኔታና በዕድሜ ለይተው ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩ ነገሩ ግልጽ ይሆንላቸዋል።