ባሕር ዳር፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ ለሚሄድ ጭነት የመንገድ ቁጥር ምን ብዬ ልሙላ?

የለገሀሯ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ለገሀር አካባቢ ባለ አነስተኛ የዕቃ ማጓጓዣ ቢሮ ውስጥ ሲሆን የጭነት ሰነድ አዘጋጃለሁ። እስከ ዛሬ መነሻና መድረሻ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌሩ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና ክብደት ከተሞላ ሰነዱ አለቀ ማለት ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ የውጭ ደንበኛ የራሱን ቅጽ ላከልን። «የሚጓዝበት መንገድ ቁጥር» የሚል ሣጥን አለበት፤ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ክፍያ አይለቀቅም።

ጭነቱ የሕክምና ዕቃ ነው፤ በአንድ አይሱዙ ይሄዳል። መጀመሪያ ባሕር ዳር፣ ቀጥሎ ደብረ ታቦር፣ በመጨረሻ ወልድያ ያራግፍና ባዶውን በደሴ በኩል ይመለሳል። ደንበኛው በኢሜይሉ «በ4 ቁጥር መንገድ ወጥቶ» እያለ ይጽፍልኛል። የስልኬ ካርታ ደግሞ ሱሉልታን ሲያልፍ ኤ3 የሚል ምልክት ያሳየኛል። ሾፌራችንን ብጠይቀው «የጎጃም መንገድ ነዋ! ምን ቁጥር አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሮ ውስጥም የጠየቅኋቸው ሁሉ የተለያየ መልስ ነው የሰጡኝ።

መንገዶቻችን በእርግጥ ቁጥር አላቸው? ካላቸው ለዚህ ጉዞ የትኛውን ልጻፍ? ያ 4 የሚሉትስ ከየት መጣ? ቅጹን ዓርብ ማስገባት አለብኝ።

የካዛንችስ ልጅ

የአዲስ አበባ ሰው ቁጥር አይወድም እንዳይባል ሃያ ሁለት፣ ስድስት ኪሎ፣ ሰባ ሁለት ሲል ነው የሚውለው። ከከተማ ሲወጣ ነው ቁጥሩን የሚጥለው። እኔ ብሆን «የጎጃም መንገድ» ብዬ በላቲን ፊደል ጽፌ እልከው ነበር። ፈረንጁ ምን ያውቃል?

ትራንዚተር ነኝ

ከላይ የተሰጠውን ምክር እንዳትሰሚው። እንዲህ ያለ ቅጽ የሚያነበው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል፤ ያላወቀውን ነገር ይመልሰዋል፤ አንቺም ክፍያው ለምን ዘገየ ተብለሽ ትጠየቂያለሽ።

በእኛ ሥራ በጅቡቲ መስመር ቁጥር የሚጠራ ሰው የለም። «በጋላፊ ነው በደወሌ?» ነው ጥያቄው። ኬላው ከታወቀ መንገዱ ታወቀ። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ካርታ ላይ ኤ1 ተብሏል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቢሾፍቱና በሞጆ ከተሞች መሐል የሚያልፈው አሮጌው ነው። ሌላው በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የክፍያ ፍጥነት መንገድ ነው። ኤ1 ብለሽ ብትጽፊ ሾፌሩ በየትኛው ሄደ? የክፍያ ደረሰኙን ማን ያወራርዳል? ስለዚህ ቁጥሩን ብታገኚም የከተሞቹን ስም አብረሽ አስገቢ።

አምስት ኪሎ የተማርኩ

እህቴ፣ ቁጥር አላቸው። እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝና ከመመሪያው ልንገርዎ።

የዛሬው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር መነሻው በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ነው። መንገዶችን በአምስት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው ዋና መንገድ ነው፤ አዲስ አበባን ከአገሪቱ ድንበሮችና ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ማዕከላት ጋር ያገናኛል፤ በላቲን ፊደል ኤ ይጀምራል። ሁለተኛው አገናኝ መንገድ ነው፤ ስሙ እንደሚለው አገራዊና ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያላቸውን ማዕከላት፣ ለምሳሌ ዋና ዋና ከተሞችን፣ እርስ በርስ ያገናኛል፤ በቢ ይጀምራል። ከዚያ በታች ዋና መዳረሻ፣ ሰብሳቢና መጋቢ መንገዶች በሲ፣ በዲና በኢ ይከተላሉ። ደረጃው የትራፊክ መጠንንም ያያል፦ ለዋና መንገድ በቀን በአማካይ 1,000 ተሽከርካሪና ከዚያ በላይ፣ ለአገናኝ መንገድ ከ400 እስከ 1,000።

የእርስዎ ዕድል ጥሩ ነው። የዲዛይን መመሪያው ለዋና መንገድ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰው የአዲስ አበባ–ጎንደርን መንገድ፣ ኤ3ን ነው። ለአገናኝ መንገድ የሚጠቅሰው ደግሞ የወልድያ–ደብረ ታቦር–ወረታን፣ ቢ22ን ነው፤ በኤ2 ላይ ያለችውን ወልድያን በኤ3 ላይ ካለችው ባሕር ዳር ጋር ያገናኛል ይላል። ጭነትዎ መመሪያው ላይ በተጻፈው ምሳሌ ላይ ነው የሚሄደው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወረታ ኤ3፣ ከወረታ እስከ ወልድያ ቢ22፣ ከወልድያ በደሴ አዲስ አበባ ኤ2።

4 የተባለው የሌላ መዝገብ ቁጥር ነው። በአህጉሪቱ ዘጠኝ የአፍሪካ አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች ታቅደዋል፤ 4ኛው ካይሮን ከኬፕ ታውን የሚያገናኘው ነው። በመተማ ገብቶ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ አዲስ አበባን፣ ሞጆንና ሐዋሳን አልፎ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይወጣል። ስለዚህ እስከ ወረታ 4 ቁጥርና ኤ3 አንድ አስፋልት ናቸው፤ ከወረታ በኋላ ግን ይለያያሉ። 4 ቁጥር ወደ ጎንደር ሲቀጥል የእርስዎ መኪና ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። ደንበኛዎ ለጉዞው ሁሉ 4 ብሎ ከጻፈ ወረቀቱ ላይ ዕቃው መተማ ደረሰ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የእነዚህን ጎዳናዎች መረብ ከሚያስተባብሩት አንዱ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው፤ ከለገሀር በእግር ይደረሳል።

ቁጥሩን ሾፌር አያውቀውም ተብሎ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የጥገና በጀት፣ የድልድይ መዝገብ፣ የትራፊክ ቆጠራ ሁሉ የሚያዘው በዚያ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ጎንደር ወይም ኮምቦልቻ ያለው የጥገና ዲስትሪክት «የጎጃም መንገድ ተበላሸ» ቢባል የትኛውን ክፍል ያድስ?

የቀድሞ ባለተሳቢ

ልጄ፣ መሐንዲሱ ያለሽን ጻፊ። እኔ የመጣሁት ለሾፌርሽ ጥብቅና ልቆም ነው።

በፊያት 682፣ ኋላም በተሳቢ እዚሁ መስመር ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ የልጅ ልጆቼ የሚያሳዩኝን ካርታ እመለከታለሁ። ካርታው ላይ ኤ3 አንድ ቢጫ መስመር ነው። እኔ የማውቀው ግን አንድ መንገድ አይደለም። ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን እስኪሻገር አንድ ነው፤ ከሱሉልታ በጫንጮ፣ በፍቼ አድርጎ ጎሐ ጽዮን የሚደርሰው ሌላ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ ራሱን የቻለ አገር ነው። ለዚያ ክፍል ብቻ ሌላ ቁጥር ቢሰጡት አልቃወምም ነበር።

ጎሐ ጽዮን ላይ ወርዶ ጎማውን ሳይመታ፣ የፍሬኑን አየር ሳያይ የሚያልፍ ሾፌር ወይ አዲስ ነው ወይ ቸኩሏል። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ልቀንስ ብሎ ማርሹ አልገባም ያለው ሰው ታሪኩን ሳይነግረን ቀርቷል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወርደው። ላይ ላይ ካፖርት የለበሰ ረዳት መሐል ላይ ሸሚዙን ይከፍታል፣ ታች ሲደርስ ውኃ ይጠይቃል። መስኮት ሲከፈት የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተሽ ከፊትሽ ያለው ሰው በሞተሩ ሳይሆን በፍሬኑ እየወረደ ነው። እሱን ራቅ ብሎ መከተል፣ ካልሆነም ቆም ብሎ ማሳለፍ ነው። ታች ዓባይ ወንዝ ላይ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን አሉ። አሁን የሚሠራበት በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራው ባለ 303 ሜትሩ የህዳሴ ድልድይ ነው። በአሮጌው ስንሻገር ዘበኛው ፎቶ ማንሳት ቀርቶ ቆሞ ማየትም አይፈቅድም ነበር። ከዚያ ወደ ደጀን ዳገቱ ይጀምራል፤ እሱ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቢ22 የምትሉትን እኛ «ቻይና መንገድ» ነው የምንለው፤ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ናቸው የሠሩት። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ታቦርን አልፎ ጉናን በጎኑ ይዞ ነፋስ መውጫ ይገባል፤ እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋሸና ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው ላሊበላ ነው፤ ሾፌርሽ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ከድልብ ወደ ወልድያ ያለው ቁልቁለት ከዓባይ በረሃ ያነሰ ይመስልሻል እንጂ ጭነቱ በደንብ ካልታሰረ ኩርባው ያንሸራትተዋል። የሕክምና ዕቃ ነው ስላልሽኝ ነው፤ የወልድያው ድርሻ ለብቻው ሲቀር የጭነት አካሉ ግማሹ ባዶ ይሆናልና ደብረ ታቦር ላይ ካራገፉ በኋላ እንደገና ይጠበቅ።

በደሴ መመለሱ ይቀላል። ባዶ መኪና ነውና ሐረጎን በጥንቃቄ ወርዶ ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ብቻ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ ሾፌር አላምንም። ከዚያ ጣርማ በር ላይ ይወጣል፤ በጣልያን ጊዜ የተቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ አለ። ጉም ከወረደ ፓውዛ አብርቶ፣ ጡሩንባ እየነፋ ቀስ ብሎ መግባት ነው።

እና መሐንዲስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናው የተበላሸበት ሾፌር «ኤ2 ላይ ነኝ» ብሎ ሲደውል ሰምተህ ታውቃለህ? «ሐይቅን አልፌ ውጫሌ ሳልደርስ» ነው የሚለው። መካኒኩም በዚያ ነው የሚያገኘው። ቁጥሩ ለእናንተ ይሁን፤ አልከለክልም።

አምስት ኪሎ የተማርኩ

ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ያም ሆኖ የኪሎ ሜትር ምልክቱ ተጠብቆ ቢቆምና ቁጥሩ መገንጠያ ላይ ቢለጠፍ ውጫሌን የማያውቅ መካኒክም ይደርስ ነበር። የሐይቅና የውጫሌን መሐል የሚያውቀው ያረጀ ሾፌር ነው፤ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣው አያውቀውም።

የቀድሞ ባለተሳቢ

እሱማ እውነት ነው። የዛሬ ልጆች ስልክ ነው የሚያዩት።

የለገሀሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን አትሜ ለሾፌራችን ሰጠሁት፤ «እኚህን ሰው የት ነው የሚገኙት?» አለኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቅጹ መንገዱ ከመነሻው ደጃፍ ጀምሮ ይጻፍ ይላል። ከለገሀር እስከ ሱሉልታ ያለውን ምን ልበለው? ቸርችል ጎዳና ኤ3 ነው?

አምስት ኪሎ የተማርኩ

አይደለም። የከተማው መንገድ የሚተዳደረው በአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ስለሆነ የጎዳናውን ስም ይጻፉ።

ትራንዚተር ነኝ

ቆይ እንጂ፣ ዕቃው የሚጫነው ከቢሮሽ ደጃፍ ነው እንዴ? ቸርችል ላይ አይሱዙ አቁመሽ የሕክምና ዕቃ ስትጭኚ ትራፊክ ፖሊሱ ዝም ብሎ የሚያይሽ ይመስልሻል? መጋዘኑ የት ነው?

የለገሀሯ

ቃሊቲ ነው።

ትራንዚተር ነኝ

እንግዲያው መነሻሽ ቃሊቲ ነው፤ ለገሀር ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ብለሽ ሙዪው፦ «ከቃሊቲ መጋዘን በቀለበት መንገድ እስከ ዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ። ኤ3፦ ፍቼ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር (ማራገፊያ)፣ ወረታ። ቢ22፦ ደብረ ታቦር (ማራገፊያ)፣ ጋሸና፣ ወልድያ (ማራገፊያ)። ኤ2፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ በኮተቤ አዲስ አበባ።» ሣጥኑ ከጠበበ ከተሞቹን በአባሪ ወረቀት አድርጊና ሣጥኑ ውስጥ «አባሪውን ይመልከቱ» በይ። 4 ቁጥርን የትም አታስገቢ፤ ኢሜይሉ ላይ ግን ለደንበኛው ልዩነቱን በሁለት መስመር አስረጂው፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ጭነት እንደገና ይጠይቅሻል።

የቀድሞ ባለተሳቢ

ከመነሳቱ በፊት የየመስመሩን ሁኔታ ዛሬውኑ ከዚያ ከመጣ ሾፌር ይጠይቅ፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም። ከከተማም ሌሊት ይውጣ፤ የጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ሳይደርስበት ዊንጌትን ካለፈ ጎሐ ጽዮን ቁርሱን በልቶ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በረሃውን ይሻገረዋል።