ሸናንዶዋ ላይ ከልጆች ጋር ካኑ ልንቀዝፍ ነው፤ ምን እንያዝ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ በፍሮንት ሮያል አካባቢ ሸናንዶዋ ወንዝ ላይ ካኑ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ታንኳ) ልንከራይ አስበናል። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4 ሲሆን 34 ፓውንድ ይመዝናል፤ ዋና አይችልም። አከራዮቹ ካኑ፣ መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት ይሰጣሉ። ወደ ላይ በመኪና ወስደውን 6 ማይል ያህል ቀዝፈን መኪናችን ያለበት እንወርዳለን። የቀረውን የምንይዘው እኛ ነን። ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡ የጾም ይሁን። ምን ትመክሩናላችሁ?

ቀዛፊው፦
ከምግቡ በፊት የትንሹን ላይፍ ጃኬት ጨርሺ። ስትደውይ «ከ30 እስከ 50 ፓውንድ የሚለው አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ልኩና የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) ማረጋገጫው ውስጡ ላይ ተጽፏል። ከሌላቸው ገዝታችሁ ሂዱ። ካለበሳችሁት በኋላ ዚፑን ዝጉ፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፣ ከዚያ ሁለቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ አገጩንና ጆሮውን ከነካ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። በዚህ ዕድሜ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው በጣም ይረዳል። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ ሰፋ ያለ የሚገዛው ጫማ ነው እንጂ ይሄ አይደለም። እናንተም ከመነሻ እስከ መድረሻ አታውልቁ፤ ታንኳው ሲገለበጥ ተንሳፍፎ የሚቆይ ወላጅ ነው ልጁን የሚይዘው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ እንዳይወድቅ ብላችሁ ልጁን ከታንኳው ጋር በገመድ እንዳታስሩት። ሲገለበጥ ከሥር ያስቀረዋል።

ፉጨት ከእያንዳንዱ ጃኬት ላይ አንጠልጥሉ። ትርፍ መቅዘፊያ ጠይቁ፤ አንዱ ከእጅ ካመለጠ ወንዙ ይዞት ይሄዳል። የወተት ጋሎን ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በገመድ እሰሩት፤ ታንኳው ውስጥ የገባ ውሃ መጥለቂያ ይሆናል።

ሚሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ዕቃው ልጨምር። ድራይ ባግ (ውሃ የማያስገባ ከረጢት) ሁለት ይበቃችኋል፦ 20 ሊትር ለልብስ፣ 10 ሊትር ለስልክ፣ ለመድኃኒትና ለቁልፍ። እስከ አፉ አትሙሉት። አየሩን አስወጥታችሁ አፉን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠቅልላችሁ ቆልፉት። ሁለቴ ብቻ የተጠቀለለ ከረጢት ውሃ ያስገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉንም ታንኳው መሃል ካለው አግዳሚ ጋር አጠር ባለ ገመድ እሰሩ። ረጅም ገመድ እግር ይጠልፋል። ከባድ ዕቃ መሃል ላይ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ።

ልብስ ላይ ጂንስና ወፍራም ጥጥ ይቅር፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፣ ነፋስ ሲመጣ ነሐሴም ቢሆን ልጁን ያንቀጠቅጠዋል። ስስ እጅጌ ረጅም የስፖርት ልብስ ከፀሐይም ይጋርዳል። ነጠላ ጫማ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ ወንዙ ድንጋያማ ስለሆነ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ልበሱ። ሰንስክሪን ከመነሳታችሁ በፊት ተቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ፤ ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ስለምታንጸባርቅ አገጭ ሥርና የጆሮ ጀርባ አይረሳ።

ውሃ፦ ለአዋቂ 2 ሊትር፣ ለልጅ 1 ሊትር። ግማሹን ጠርሙስ ከማታ ጀምራችሁ አቀዝቅዙት፤ በረዶም ይሆናል፣ ሲቀልጥም ይጠጣል። ለምግብ ሽሮም ሆነ ወጥ ያለው ነገር አይመከርም፤ ጉልበት ላይ የሚበላበት ቦታ የለም። ዳቦ በአቮካዶ ወይም በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ደረቅ ፍርፍር በክዳን ዕቃ፣ ሙዝ፣ ተምር፣ ዳቦ ቆሎ በቂ ነው። ለትንሹ ልጅ ግን ቆሎና ኦቾሎኒ እየተንቀሳቀሳችሁ አትስጡት፤ ታንኳው ሲናጥ ያንቀዋል። ዳር ስትቆሙ ይብላ። ብርጭቆ ነገር አትያዙ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለት ነገር ቀረኝ። የመኪናው ቁልፍ የኤሌክትሮኒክ ነው፣ ውሃ ቢነካውስ? ወንዙ በዚያ ቀን ደህና መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ቀዛፊው፦
ቁልፉን ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ክተቺና፣ ያንን ድራይ ባግ ውስጥ ካለው መንጠቆ ጋር እሰሪው። ሱሪ ኪስ ውስጥ አይሁን።

ለወንዙ፣ ዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት) ፍሮንት ሮያል ላይ የውሃ መለኪያ አለው፤ ከፍታውን በስልክ ታያላችሁ። አከራዩን «ከስንት ጫማ በላይ ልጅ ያለው ቤተሰብ አታወጡም?» ብለሽ ጠይቂና ማታም ጠዋትም አመሳክሪ። ከላይ ዘንቦ ውሃው ደፍርሶ እየጨመረ ከሆነ ቀኑን ቀይሩ። ነሐሴ ላይ ነጎድጓድ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በጠዋት ውጡ። በልጆች አቅም በሰዓት 2 ማይል ቢሄድ ነው፤ ከእረፍቱ ጋር አራት ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ዝቅ ያለ ድልድይ ወይም ወንዙ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ከሩቅ ካያችሁ ቀድማችሁ ዳር ያዙ። ውሃው በቅርንጫፉ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን ተጣብቆ ይቀራል። ታንኳው በጎኑ ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ ሁላችሁም ወደ ድንጋዩ ዘንበል በሉ። ከድንጋዩ የመሸሽ ስሜት ይመጣል፤ ያኔ ግን ውሃው በሚመጣበት በኩል ባለው ጠርዝ ገብቶ ታንኳውን ይሞላዋል። የወደቀ ሰው ጉልበት በሚያልፍ ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አይሞክር፤ እግሩ ድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ ውሃው ይደፍቀዋል። በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ውሃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ ዘርግቶ ይንሳፈፍ። ይህንን ልጆቹን ቤት ወለል ላይ አስተኝታችሁ አለማምዷቸው።

ደረቅ ልብስና ፎጣ መኪናው ውስጥ ተዉ፤ ልብስ ስትቀይሩ የልጆቹን ብብት፣ ጉልበት ጀርባና ፀጉር ውስጥ መዥገር ካለ ፈትሹ።