ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ፦ የቤት ብር የት ይቀመጥ?

"ብሬን የት ላስቀምጥ?" ብላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ። አብዛኞቻችሁ ደሞዝተኞች ናችሁ፤ ትንሽ ሱቅ ያላችሁም አላችሁ። እኔ ከወለድ መጠኑ በፊት የማየው ብሩን ለማውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው።

ሒሳቡን እዩት። በየወሩ 1,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ብታስቀምጡ በዓመቱ ወለዱ ታክሱ ሳይነሳ 455 ብር ገደማ ነው። እሱን ዘይትና ሽንኩርት ይበላዋል። ያልተነካው 12,000 ብር ግን ቁም ነገር ይሠራል።

ለደሞዝተኛ አሁንም ቀዳሚ ምርጫዬ እቁብ ነው። ያስገድዳል። ባንክ ሳታስገቡ ብትቀሩ ማንም አይፈልጋችሁም፤ እቁብ ካልጣላችሁ ጸሐፊው ማታ ደጃችሁ ላይ ነው። 20 ሰው በወር 1,000 ብር ሲጥል አንድ ሰው 20,000 ብር በአንዴ ይይዛል። ፍሪጅም ይሁን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሳይበደር ይጨርሳል። የሚጎዳው መጨረሻ የሚወጣለት ነው። 20 ወር ጠብቆ ያችኑ 20,000 ይቀበላል፤ የዕቃው ዋጋ ግን አልጠበቀውም። ስለዚህ የወር እቁብ ከ12 ሰው ባይበልጥ እላለሁ። ለነጋዴ የሳምንት ወይም የቀን እቁብ ይሻላል።

ደህና እቁብ በአሠራሩ ይታወቃል። እሁድ ከሰዓት ብሩ ሁሉም ፊት ይቆጠራል። ጸሐፊው ስም እየጠራ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርጋል። የተጠቀለሉት ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ ገብተው ይናጣሉ፤ አንድ ሕፃን ተጠርቶ አንዷን ያወጣል። የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ይሄ ሁሉ ቀርቶ "አብሽሩ፣ እንተዋወቃለን" እየተባለ ለዳኛው በስልክ ብቻ ብር የሚላክበት እቁብ ቢቀርባችሁ ይሻላል። ዳኛው ብሩን ይዞ የጠፋበት እቁብ ብዙ ቤት አፍርሷል። የሰው እጣ ስትገዙም አስቡበት፤ 20,000ውን ቀድማችሁ ለማግኘት 2,000 ብር ከከፈላችሁ ብድር ነው የወሰዳችሁት፣ ያውም ውድ ብድር።

የቅሬና የእድር መዋጮ ቁጠባ ውስጥ አይገባም። የወር ወጪ ነው፤ ግን እንዳታቋርጡት።

ቤት ለመሥራት ወይም ሱቅ ለማስፋት ላሰበ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከእቁብ ይበልጣል። አክሲዮን ገዝታችሁ በየወሩ ትቆጥባላችሁ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከቆጠባችሁት በላይ መበደር ትችላላችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁ ማኅበር ከሆነ ከደሞዝ ላይ ስለሚቆረጥ ብሩ እጃችሁ ሳይገባ ይቀመጣል። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ከመግባታችሁ በፊት ግን ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት አሳዩን በሉ። ካላሳዩ ተመለሱ። የገንዘብ ተቀማጭ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው ባንክና ማይክሮ ፋይናንስ ያለን ብር ነው፤ የማኅበር ቁጠባ እዚያ ውስጥ የለም።

ባንክ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የመደበኛ ቁጠባ ወለድ የትም 7 በመቶ አካባቢ ነው። ንግድ ባንክ ቅርንጫፉ የትም አለ። ገጠር ወረዳ ቤተሰብ ካላችሁ ጸደይ ባንክ፣ የቀድሞው አብቁተ፣ አገሩን ያውቀዋል። ወለድ ለማትፈልጉ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ናቸው፤ ከነባሮቹም የንግድ ባንክ ሲቢኢ ኑርና የዳሽን ሸሪክ አሉ። ሂሳቡን ስትከፍቱ ወዲዓ ነው ሙዳራባ ብላችሁ ጠይቁ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ትርፍ አይጠበቅበትም። ሙዳራባ ትርፍ ያካፍላል፤ የድርሻው መጠን አስቀድሞ ይነገራችኋል፣ ትርፉ ራሱ ግን እንደ ሥራው ነው። የትኛውም ባንክ ብትሄዱ ለቁጠባ ሂሳባችሁ የኤቲኤም ካርድ አታውጡ።

ቴሌብር ሳንዱቅ፣ የስልኩ ቁጠባ፣ ለአስቤዛ ብር ጥሩ ነው። ደሞዝ የገባ ዕለት አስገብታችሁ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ታወጣላችሁ። ለትልቅ ቁጠባ አልመክረውም፤ ሌሊት አልጋ ላይ ሆናችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ። የቴሌብር ብድሮቹ መላና እንደኪሴ የቸገረ ዕለት ይደርሳሉ፤ በየወሩ ከለመዳችኋቸው ግን ቀጣዩ ወር ጎድሎ ይጀምራል።

ቦታ ያላችሁ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ጤፍ ግዙ። አዝመራው ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ክረምት ላይ ይወጣል። ጤፍ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ማሽላና ባቄላ ከሆነ ሦስት ንብርብር ያለው ጆንያ ያስፈልጋል።

የሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚሆን ጥሬ ብርም ቤት ይኑራችሁ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ባንኩም ኔትወርኩም አንድ ላይ ሲጠፋ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ። እህቱ ወይም ልጁ አረብ አገር ያለች ቤተሰብ ወሎ ውስጥ ስንት ነው! ጅዳና ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች የላከችው ብር እዚህ ለድግስ፣ ለወንድም ሞተር፣ ለአጎት ብድር ይወጣል። ተመልሳ ስትመጣ በስሟ አንድ ሳንቲም የለም። ይሄ ያመኛል። እባካችሁ፣ ልትሄድ የተነሳች ልጅ ካለች ከመሄዷ በፊት ባንክ ወስዳችሁ በራሷ ስም ሂሳብ አስከፍቱላት። የሂሳብ ደብተሩም የሚስጥር ቁጥሩም እሷው ዘንድ ይሁን። ለእናት ለአባት በወር የምትልከውን መጠን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከዚያ የተረፈው በቀጥታ ወደ ሂሳቧ ይግባ፣ በሰው እጅ አይለፍ። ከሄደች በኋላ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና መላክ ትችላለች። ውክልናው "ሂሳብ ለመክፈት" ብቻ ይበል። "ገንዘብ ለማውጣት" የሚል ቃል እንዳይገባበት ከመፈረሟ በፊት ታንብበው፤ ማንበብ ካልቻለች የምታምነው ሰው ያንብብላት።