በሁለት ከርቮች (ኩርባዎች) መሃል ታንጀንት (ሁለቱንም የሚነካ ቀጥታ መስመር) ማስገባት አስቸገረኝ (ሲቪል 3ዲ፣ የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር)

ሰርቬየሯ ከሐዋሳ፦ ሰላም ናችሁ? ታቦር ተራራ ግርጌ ላለ የኮብልስቶን መንገድ አላይመንት (የመንገዱን መሃል መስመር) እየሠራሁ ነው። ነባሩን መንገድ በቶታል ስቴሽን (በቅየሳ መሣሪያ) ለቅመን ሁለቱን ከርቮች በፊክስድ (ቦታቸው የተቆለፈ አድርጌ) አስቀመጥኳቸው። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይዞራል። ሬዲየሳቸው 50 እና 80 ሜትር ነው። መሃላቸውን በፊክስድ ላይን፣ በታንጀንት ኦስናፕ (ከርቩን የሚነካበትን ነጥብ በሚይዘው መሣሪያ) አገናኘሁት። ለዓይን ምንም አይወጣለትም። ግን ስቴሽኑ (ከመነሻው የሚቆጠረው ርቀት) የመጀመሪያው ከርቭ ጫፍ ላይ ይቆማል። ሬዲየስ ስነካካ ደግሞ ከርቩ ይሄዳል፣ መስመሩ እዚያው ይገተራል። ሰኞ አለቃዬ ይፈልገዋል፤ በናታችሁ!

አዳማ_ዲዛይን፦ ፊክስድ ላይን ጎረቤቱን አያውቅም፤ የሰጠሽውን ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ ይቀመጣል። አጥፊው። ከጂኦሜትሪ ኤዲተር የመስመሮቹ ዝርዝር ውስጥ በሁለት ከርቮች መሃል የሚገባውን ፍሪ ላይን ምረጪ። መጀመሪያ የፊተኛውን ከርቭ፣ ቀጥሎ የኋለኛውን ንኪ። የሚነካበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ሬዲየስ ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። ፍሎቲንግ ላይን ግን የሚጣበቀው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ለመንገዱ መጨረሻ ነው የሚሆነው።

ቡና_በጀበና፦ መስመሩ በተሳሳተው ጎን ከወጣ የከርቩን አቅጣጫ እዪ። ከኋላ ወደ ፊት የተሳለ ከሆነ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ሪቨርስ ሰብኢንቲቲ ዳይሬክሽን የሚባል ትእዛዝ አለልሽ።

ሰርቬየሯ ከሐዋሳ፦ ገባ! ተባረኩ። ግን ታንጀንቱ 14.5 ሜትር ብቻ ሆነ። አያጥርም?

ጋሼ_ቲዎዶላይት፦ ልጄ፣ ሶፍትዌሩ ቦታ አይፈጥርልሽም። በሁለቱ ፒአይ (በየከርቩ ቀጥታዎቹ ቢራዘሙ የሚገናኙበት ነጥብ) መሃል ያለውን ርቀትና የመታጠፊያ ማዕዘኖቹን ንገሪኝ።

ሰርቬየሯ ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ 62 ሜትር ነው። ማዕዘኖቹ 48 እና 35 ዲግሪ።

ጋሼ_ቲዎዶላይት፦ ሬዲየሱን በግማሹ ማዕዘን ታንጀንት (በካልኩሌተሩ tan) አባዢው። አንዱ 22.3፣ ሌላው 25.2 ይበላል። የቀረው ያው 14.5 ነው። መኪና ቀስ ብሎ ለሚሄድበት የሰፈር መንገድ፣ ሱፐርኤሌቬሽን (ከርቭ ላይ መንገዱን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል) ከሌለው፣ እኔ ብሆን አልጨነቅም። ፍጥነት ላለው መንገድ ግን የመንገዱ ማዘንበል ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚገለበጥበት ርቀት ያስፈልጋል።

ማስረዘም ካማረሽ ነገሩን ገልብጪው፦ ቀጥታዎቹ ፊክስድ፣ ከርቮቹ ፍሪ ይሁኑ። ያኔ ሬዲየስ ስትቀይሪ መስመሮቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። 80ውን 50 ብታደርጊው ታንጀንቱ 24 ሜትር ይደርሳል። ከርቩ ግን ወደ ውጭ 1.5 ሜትር ገደማ ይገፋል። እዚያ ምን አለ?

ሰርቬየሯ ከሐዋሳ፦ የጎርፍ ቦይ አለ ጋሼ፤ ያለኝ ክፍተት 1.2 ሜትር ነው። እንዳሉት ገልብጬ 60 ሞከርኩ። ግፊቱ 1 ሜትር አልሞላም፣ ታንጀንቱም 20.8 ሆነ። በዚሁ ሰኞ አስገባዋለሁ።