የኤሌን ደ ኩኒንግ የኬኔዲ ፖርትሬት፦ ሸራው ላይ ያለው ውስጣዊ ማንነት የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሸራ ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ በመሆኑ ወደ ብሔራዊው የፖርትሬት (የሰው ምስል ሥዕል) ሙዚየም ብቅ ማለት አዘወትራለሁ። ጊልበርት ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1796 የሣለው የጆርጅ ዋሽንግተን ሥዕል ሰይፉን፣ ጠረጴዛውንና የተዘረጋውን እጅ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ሠዓሊው ሊነግረኝ የፈለገውን ለመረዳት አልቸገርም። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ኤሌን ደ ኩኒንግ በ1963 የሣለችው የፕሬዝዳንት ጆን ኬኔዲ ፖርትሬት ዘንድ ስደርስ ግን ግራ ይገባኛል። ሸራው ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፣ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ፊታቸው ወዲያው የሚታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ልብሳቸውና ዙሪያው ግን በአረንጓዴና በቢጫ የብሩሽ ምት ተበታትኗል። እንዲህ ያለው የአብስትራክት ኤክስፕሬሽኒዝም (መልክን በትክክል ከመቅዳት ይልቅ ስሜትን በነፃ የብሩሽ ምት የሚገልጽ የአሣሣል መንገድ) ፖርትሬት ውስጣዊ ማንነትን ይገልጣል ሲባል እሰማለሁ። የማንን? የተሣሉትን የፕሬዝዳንቱን ወይስ የሠዓሊዋን?

መልስ፦ ቀለም ቀቢ

የሥዕሉን አሠራር ማወቅ ለጥያቄዎ ግማሽ መልስ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሥራው የተጀመረው በሚዙሪ ለሚገኘው የቀድሞው ፕሬዝዳንት ትሩማን ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ታዝዞ ሲሆን፣ ሠዓሊዋ በ1962 መገባደጃ ወደ ፓልም ቢች፣ ፍሎሪዳ ተጉዛ ፕሬዝዳንቱን በአካል እያየች ንድፍ ማንሳት ጀመረች። ኬኔዲ ግን አንድ ቦታ ረግተው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም፤ ስለዚህ በየቅጽበቱ የሚለዋወጠውን አቋቋማቸውን በፍጥነት ከመያዝ በቀር ምርጫ አልነበራትም። ኒው ዮርክ ከተመለሰች በኋላም ወራት ሙሉ እሳቸውን ስትሥል ቆየች፤ ኅዳር ላይ ሲገደሉም ለአንድ ዓመት ያህል ብሩሿን አስቀመጠች። ስለዚህ የሚያዩት ምስል የአንድ ቀን ኬኔዲ አይደለም፤ ብዙ ንድፎች ተደራርበው የወለዱት ነው። በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ የጎለበተው ይህ የአሣሣል መንገድ የብሩሹን ዱካ ስለማይደብቅ፣ የሠዓሊዋ የእጅ ፍጥነትና ማመንታት አብሮ ይታያል። እኔ ማንነቱ የሁለቱም ነው እላለሁ።

መልስ፦ ገጽ አልባ

በዚሁ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ፣ ይህችው ሠዓሊ በ1962 የሣለችው የገጣሚው የፍራንክ ኦሃራ ፖርትሬት አለ፤ ለጥያቄዎ ከኬኔዲው ይልቅ እሱ የሚቀርብ ይመስለኛል። ፊቱን መጀመሪያ አሟልታ ሣለችው፣ ከዚያ ጠርጋ አጠፋችው፤ ፊቱ ከጠፋ በኋላ ምስሉ ይበልጥ እሱን ሆነ ስትልም ተናግራለች። ይህ ማጋነን አይመስለኝም። ወዳጃችንን ከሩቅ ስናይ ዓይኑና አፍንጫው ሳይለይ በትከሻው አያያዝና በአረማመዱ እናውቀው የለም እንዴ? በሸራው ላይም አቋቋሙ ብቻውን ሰውየውን ይዞ ቀርቷል።

መልስ፦ ተጠራጣሪው

ከሁለታችሁም በከፊል እለያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ከፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣሉበት ልማድ አለ፤ ተመልካቹ ልማዱን ስለሚያውቅ የሰውየውን ውስጥ ሳይጠይቅ ያነባል። ደ ኩኒንግ ግን ከተመልካቿ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም፤ ክፍተቱን የምንሞላው እኛው ነን። የኬኔዲን አሟሟት የሚያውቅ ሰው በብሩሹ ምት ውስጥ ሐዘን አየሁ ይላል፣ ሥዕሉ ግን የተጀመረው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው። አረንጓዴውንም ተስፋ ነው፣ ወጣትነት ነው እያሉ ከመተርጎም፣ ከፓልም ቢች ፀሐይና ቅጠል ጋር ማያያዝ የበለጠ ያሳምነኛል። የሠዓሊዋን ስሜት አየሁ የሚለኝን አምነዋለሁ፤ የፕሬዝዳንቱን ነፍስ አየሁ የሚለኝን ግን ማስረጃ እጠይቀዋለሁ።

ሸራ ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተጠራጣሪው ሐሳብ አሁንም ይከነክነኛል፤ ሆኖም ሌላ ጥያቄ ወልዶብኛል። የገጣሚውን ፊት ከጠረገች የፕሬዝዳንቱን ለምን ተወችው?

ቀለም ቀቢ

አንደኛው ምክንያት ትእዛዙ ይመስለኛል፤ የፕሬዝዳንት ፖርትሬት ያዘዘ ተቋም ፊት የሌለው ምስል ይቀበላል ማለት ዘበት ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ኦሃራ የራሷ የወዳጆች ክበብ ሰው ነበር፤ ኬኔዲን ግን ለሥዕል ብላ ያገኘቻቸው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ፊታቸውን ገና እየፈለገች ነበር። ይህንን ለማመዛዘን ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገው የትከሻቸውን መስመር ብቻ ያነጻጽሩ።